መልኩን የለወጠ ገንዘብ

ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አባቴ ያረጀውን በሬያችንን ቡሬ ገበያ ሸጠ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፤ ገመዱን የያዝኩትም እኔ ነኝ። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ጠገራ ብር እየጠፋ ወረቀት በዝቶ ነበር። አባቴ ያሰበው እዚያው ወይፈን ገዝቶ ከቀረን በሬ ጋር ሊጠምድ ነው። ክረምቱ ሊገባ ነው፤ መሬታችን ገና አልታረሰም።

በሬያችንን የገዛው ነጋዴ ሁለት ዓይነት የጣሊያን ወረቀት ገንዘብ፣ ሊሬ፣ ዘረጋ፤ አንዱ የቆየው፣ ሌላው ቀለሙ የተለየ።

«አዲሱን ይውሰዱ አባቴ። አሮጌውን እያስመሰሉ የሚያትሙ ስለበዙ ነው መልኩን የለወጡት» አለ።

አባቴ ገልበጥ አድርጎ አየና መለሰለት። ጠገራ ብር ሲቀበል የኖረ ሰው ነው። በብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ ፊት፣ የጌጧን ነጠብጣብ በጣቱ ይዳስሳል፤ አያቱ ከሚያውቁት መልክ ጥቂት ከተለየ አይቀበልም። የአገራችን ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር።

«ገንዘብ እንጂ ሙሽራ አላመጣሁልዎ፤ ምነው ፊት ፊቱን አዩት?» አለ ነጋዴው። የቆሙት ሳቁ።

«መልኩን የሚለዋውጥ ሰውም አላምን፣ እንኳን ወረቀት» ብሎ አባቴ የቆየውን መርጦ ተቀበለ።

በወይፈኑ ዋጋ ተስማምተን ስናበቃ የወይፈኑ ባለቤት ወረቀቱን ለጣሊያኖቹ አስተርጓሚ አሳየ። አስተርጓሚው እያንዳንዱን ወደ ፀሐይ አንሥቶ አየና ቀደደው።

«ሐሰተኛ ነው። ሽበትዎን አይቼ ነው እንጂ ማደሪያዎ እስር ቤት ነበር።»

አባቴ ነጋዴውን ሊፈልግ አልሄደም። «አዲሱን ውሰድ ብሎኝ ነበር» አለኝ ብቻ። ለወይፈኑ ያመጣውን ገመድ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ተመለስን።

ኋላ ኮሌጅ ገብቼ፣ አስመሳዮች የቀድሞውን ሲለምዱት የወረቀት ገንዘብ መልኩ እንደሚለወጥ አነበብኩ። አባቴ የፈራው ለውጥ የተደረገው እንደ እሱ ያለው ሰው እንዳይታለል ነበር። ልነግረው አልቻልኩም፤ ሞቶ ነበር።

ያን ዕለት ማታ የቀረው በሬ ጓደኛውን እየፈለገ ሲጮህ አባቴ ጋቢውን ተከናነበ። እናቴ አንድ በሬ ብቻ ካላቸው ጎረቤታችን ጋር መቀናጆ እንድንገባ፣ በሬዎቹን አጣምደን በየተራ እንድናርስ ለመነችው።

«ምን ብዬ ልጠይቅ? በሬዬን በቅዳጅ ወረቀት ለወጥኩ ልበል?» አላት።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰው ፊት ቀና ብዬ የማላወራው እኔ፣ በሬውን እየሳብኩ ጎረቤታችን ደጅ ሄጄ ቆምኩ። ሲወጡ ነጠላዬን እስከ አፌ ሳብኩና «አያ፣ አባቴ መጠየቅ አቅቶት ነው። አቀናጁን» አልኳቸው።