የአክስቴ የጉልበት መድኃኒት ወጥ ውስጥ ገባ

ዛሬ ምሳ ላይ ለአክስቴ ጉልበት የገዛሁት የእርድ እንክብል ምስር ወጥ ውስጥ ገብቶ ጠበቀኝ።

አክስቴ እትዬ ታንጉት ጉልበታቸውን ሱዳን፣ ገዳሪፍ በሰሊጥ አጨዳ ጨርሰው የመጡ ሴት ናቸው። ከተቀመጡ መነሣት ጭንቅ ነው።

«የእንክብሉ ሽፋን ከከብት ቆዳ የተሠራ ነው አሉኝ። በጾም እንዴት ልዋጠው? እየከፈትሁ ዱቄቱን ወጡ ላይ ነሰነስሁት» አሉኝ።

እኔ ከዕፅዋት ነው ስባል ገዛሁ እንጂ ስለ ሽፋኑ መች ጠየቅሁ።

በዚህ በረሃብ ዘመን ምስሩ ራሱ ብርቅ ነው፤ እሳቸው ግን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል።

«ጉልበትዎስ?» አልኋቸው።

«እነዚህ ካልበሉ ማን ደግፎ ያነሣኛል?»

እውነትም ጎረቤቶቹ በልተው ሲጨርሱ ግራና ቀኝ ይዘው ብድግ አደረጓቸው።

እናንተስ ለዘመድ የገዛችሁት መድኃኒት የት ገባ? እስቲ አጫውቱኝ።