የላቮን ፒክአፕና አዲሱ ክዳን

ላቮን ሽራግ ያቺን አረንጓዴ አሮጌ ፒክአፕ ከሽማግሌው ከኤሞሪ የንብረት ጨረታ ስትገዛ ከመንደራችን ዝም ያለ ሰው አልነበረም። እዚህ ምዕራብ ካንሳስ አንድ ሰው አሮጌ መኪና ገዛ ማለት ለሁላችንም ሥራ ተገኘ ማለት ነው። እኔ የስንዴ ጎተራው ሚዛን ቤት ስለምሠራ ገበሬው ጠዋት ጠዋት እዚያ ተሰብስቦ የለገሳትን ምክር ሁሉ ሰምቻለሁ። አንዱ «ካርቡራተሩን ቀይሪ» ይላል፣ ሌላው «የመብራት መስመሩን እንዳለ ዘርግፊው»። ላቮን ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጥና ወጥታ የፈለገችውን ታደርጋለች።

ሰባ ዓመት አልፏታል። ዕድሜዋን የፈጀችው የትምህርት ቤት አውቶብስ በመንዳት ስለሆነ መኪና ለእሷ እንግዳ አይደለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን አከራይታ በዚያ ሜዳ መሐል ብቻዋን ትኖራለች። ፒክአፗን እንደገዛች የቆየውን ቤንዚን ቀድታ አወጣች፣ ዘይቱን ቀየረች፣ ግራሶ አስገባች፣ የፍሬኑን ጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ አየች። ጎማዎቹ ጥርሳቸው ገና ነበር፤ ግን ዕድሜ ሰነጣጥቋቸዋልና ጣለቻቸው። መኪናዋ እንደ ሰዓት ትሠራ ጀመር።

ከዚያ ወንድሟ ዱዌን መጣ። ዱዌን ሰው ሲወድ ዕቃ ይገዛል። የቤንዚኑ ክዳን ዝጎ፣ በዚያ ላይ መሐሉ በሚስማር ተበስቶ ሲያይ ፊቱን አጨማደደ። «ዝናብ ሊገባበት! ይሄ ኤሞሪ የሚባል ሽማግሌ ምን ነካው?» ብሎ አሮጌውን ክዳን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረ፤ በማግስቱም የሚያብረቀርቅ አዲስ ክዳን ገጠመላት። ላቮን አመሰገነችው።

መከራዋ የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ፒክአፗ ጥቂት መንገድ ደህና ትሄድና ትንተፋተፋለች፣ ከዚያ ድርግም። ትንሽ ካረፈች ደግሞ ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች። እዚህ አገር የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው የለም። ያለፈው ሁሉ ይቆማል፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ምክሩን ያወርዳል፣ ከዚያ ለዱዌን ይደውላል። ላቮን ቤቷ ሳትደርስ ዱዌን ወሬውን ይዞ በሯ ላይ ነው። እኔም ከመካሪዎቹ አልጎደልኩም፤ ቤንዚኑ በሙቀት እየተነነ ነው ብዬ ሙቀቱን ይስባል የሚባለውን የልብስ መቆንጠጫ ቱቦው ላይ ደርድሬላታለሁ። ላቮን አይታ «አሁን ካልሲ ማስጣት ብቻ ነው የቀረን» አለችኝ።

ለዱዌን ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከተማ ውስጥ፣ ከራሱ ቤት ጎን፣ ለእሷ የሚሆን ትንሽ ቤት አዘጋጅቶላታል። ክረምቱን በረዶ ላይ ወድቃ ብቻዋን ስታቃስት ከዋለች ወዲህ እንቅልፍ የለውም።

«እሁድ ለምሳ በራስሽ መኪና ነይ» አላት እኔ ባለሁበት። «መንገድ ላይ ከጣለችሽ ግን ከተማ ትገቢያለሽ። በቃ!»

«እሺ» አለች በንዴት። ቃሏን እንደማታጥፍ ሁለታችንም እናውቃለን።

የመኪናዋን ጠባይ የሚያውቀው ኤሞሪ ብቻ ነው፤ ግን የጠየቀው አልነበረም። ንብረቱ በጨረታ የተሸጠበትን ሰው ስለ ዕቃው መጠየቅ እኛ ዘንድ ነውር ነው፣ ቁስሉን መንካት ይመስለናል። እሱ አሁን የአረጋውያን መኖሪያ ገብቷል። ላቮን ግን ነውሩን ዋጥ አድርጋ፣ እኔን አጠገቧ አስቀምጣ፣ መኪናዋ ሁለት ቦታ እየቆመችባት እዚያ ደረሰች።

ኤሞሪን በተሽከርካሪ ወንበሩ አወጡልን። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ።

«ምን ገዛሽላት?» አላት ላቮንን።

«ምንም። ዘይት ቀየርኩ፣ ፍሬን አየሁ . . .»

«እሱማ ግዴታሽ ነው፣ አንቺ ልጅ! ከመታመሟ በፊት ምን ነካሽባት ነው የምልሽ።»

ላቮን አሰበች። «ወንድሜ የቤንዚን ክዳን ገዛልኝ።»

ሽማግሌው እስኪያስለው ሳቀ። «ሂጂ ክፈቺው።»

ስትከፍተው ሰልባቲዮው፣ የቤንዚኑ ጋን፣ ፉት ብሎ አየር ሳበ። እኔ መቆንጠጫዎቼን አስቤ አንገቴን ደፋሁ።

«አየር ካልገባበት ቤንዚኑን አይለቅም» አለ ኤሞሪ። «ያቺን ቀዳዳ የበሳኋት እኔ ነኝ። የሰው አሮጌ መኪና ስትገዢ አስቀያሚ ያየሽውን ሁሉ አትጣይ፤ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ፍሬንና ዘይትሽን ጠብቂ። ከሌላው ግን አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ንጂያት፣ ስሚያት። ከዚያ ደግሞ አንድ።» ቀና ብሎ አያት። «እስካሁን የት ነበርሽ?»

«ያምዎታል ብዬ ነው።»

«የሚያመኝ የሚጠይቀኝ ሳጣ ነው፣ ልጄ።»

ላቮን አጎንብሳ ግንባሩን ሳመችው። በእኛ አገር እንዲህ አይደረግም፤ እሷ ግን አደረገችው።

እሁድ ዱዌን ቤት ተጋብዤ ነበር። ላቮን እንዳልከተላት ከልክላኛለች። የተጠበሰው ዶሮ ቀረበ፣ ድንቹ ቀዘቀዘ፣ እሷ የለችም። ዱዌን መንገዱን እያየ በረንዳው ላይ ይንጎራደዳል። አሸነፍኩ የሚል ሰው ፊት አልነበረም፤ ፈርቷል። እኔም ተነሥቼ አጠገቡ ቆምኩ።

በመጨረሻ ከስንዴው ማዶ አቧራ ተነሣ። አረንጓዴዋ ፒክአፕ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ የቤንዚኑ አፍ በጨርቅ ታስሯል።

«የት ጣለችሽ?» አለ ዱዌን እየሮጠ።

«የትም። በዙሪያው መንገድ መጣሁ። ደስ ስላለኝ።»

ገብታ አዲሱን ክዳን ከቦርሳዋ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ፣ እሱ ካስቀመጠው የአዲሱ ቤት ቁልፍ አጠገብ አኖረችው። ኤሞሪ ያላትን ነገረችው።

«ሁለቱንም ስለምትወደኝ ነው ያመጣህልኝ» አለችው። «ግን ሁለቱም ያፍኑኛል፣ ዱዌን።»

ዱዌን ክዳኑን አንስቶ ወጣ። ከጋራዡ አንድ የመዶሻ ምት ተሰማ። ሲመለስ ያ የሚያብረቀርቅ ክዳን መሐሉ ተበስቶ ነበር፤ ወደ ብርሃኑ አንስቶ በቀዳዳው አየና ሰጣት። ከዚያ ቁልፉን ከጠረጴዛው አንስቶ ኪሱ ከተተው፣ ድንቹንም ሊያሞቅ ወደ ወጥ ቤት ገባ።