አጎቴ የሠሩት የገንዳ ደረጃ

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ስፈራ «አይዞሽ» ብለው አያልፉኝም ነበር። «ምኑ ነው የሚያስፈራሽ? እሱን ንገሪኝ» ይሉኛል።

በደርግ ጊዜ ኮምቦልቻ ግቢያችን ውስጥ ከመንገድ ሥራ የተረፈ ትልቅ የብረት ገንዳ ነበር። ሙቀት ሲበረታ ልጆቼ ይዋኙበታል። አጎቴ መውጫ የእንጨት ደረጃ ሠሩላቸው።

«ሲረጥብ ያንሸራትታል» አልኳቸው። አሮጌ ጎማ እንደ በረባሶ ጫማ ቆርጠው በየደረጃው ላይ ቸነከሩ።

«ትንሿ ምን ይዛ ትወጣለች?» አልኳቸው። የባሕር ዛፍ መደገፊያ አቆሙ።

«እኔ ሳላይ ቢገቡስ?» ስላቸው የታችኛውን ደረጃ ተነቃይ አደረጉትና አስረከቡኝ።

«በይ፣ ያላንቺ ማንም አይወጣም። ሌላስ ቀረ?»

«ለጊዜው የለም።»

«አልሐምዱሊላህ፣ መዶሻዬም ይረፍ።»

አጎቴ ሞተው ሰደቃቸው ከወጣ በኋላ ልጆቹ እንዋኝ አሉኝ። መደገፊያውን ብነካው ተወዛወዘ። ምኑ ነው የሚያስፈራሽ የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ። ራሴን ጠየቅኩ፤ መልሱን አውቀው ነበር። መዶሻቸውን አንስቼ መደገፊያውን አጥብቄ ቸነከርኩት፤ ራሴ ወጥቼ ወረድኩበት። ከዚያ የታችኛውን ደረጃ ቦታው ላይ ገጥሜ ልጆቹን ጠራኋቸው።