ዳር ላይ የተኛው የባሕር ዝሆን

ገረመው ካሜራ ሲይዝ ሰው ያስመርራል። ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን በምትባል ከተማ ባለው የዕቃ መጋዘን ውስጥ ሲውል ቀልጣፋ የሚባል ሠራተኛ ነው፤ ሠርግ ቤት ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። በዙሪክና በጄኔቭ የሐበሻ ጴንጤ ያገባ እንደሆነ ፎቶ የሚያነሳው እሱ ነው። "ትንሽ ቆዩ፣ ብርሃኑ ይምጣ" እያለ ሙሽሮቹን ብርድ ላይ ይገትራል፤ የሚዜዎቹ አፍንጫ ይቀላል፣ አዳራሽ ውስጥ ወጡ ይቀዘቅዛል። ፎቶው ሲደርስ ያው የተማረረው ሁሉ ይመርቀዋል። "ለአንተም ያድርግልህ" ይሉታል፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ "አሜን" ይላል። አሜን ሲል ሲል ፀጉሩ ሸበተ።

የሚወዳት ሴት ጠፍታ እንዳይመስላችሁ። ብፅዓት ትባላለች። ጄኔቭ አንድ ዲፕሎማት ቤት ልጆች ታሳድጋለች፤ በዕረፍት ቀኗ የምታድርባት ክፍል ከከተማው ዳር፣ ኦኔ የሚባል ሰፈር ናት። የሁለቱ ከተሞች ምእመናን በየወሩ አብረው ሲያመልኩ እሷ ትዘምራለች፣ እሱ ያነሳል። በሚያነሳው ፎቶ ሁሉ መሀል ላይ የምትገኘው እሷ ናት። ዙሪክ ላንግሽትራሰ ጎዳና እንጀራ ሊገዙ የሚመጡ ሴቶች እንኳ ይህንን ያውቃሉ፤ አይታወቅብኝም የሚለው እሱ ብቻ ነው።

በእነሱ ዘንድ ደግሞ ወንድ ልጅ ዘሎ "እወድሻለሁ" አይልም። መጀመሪያ ለፓስተሩ "ስለ አንዲት እኅት እየጸለይኩ ነው" ይላል፣ ስሟን ይናገራል፤ ፓስተሩ ለእሷ ይነግሯታል፣ እሷም በበኩሏ ትጸልያለች፤ መልስ ሲመጣ ሠርግ ነው። ገረመው የመጀመሪያውን ብሏል። ስሟን ግን ዋጠው። ፓስተር አምላኩ ከዓመት ዓመት "ጌታ ሆይ፣ ያቺን አንዲት እኅት አስባት" እያሉ ሲማልዱ ኖሩና አንድ ቀን ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ወንድም ገረመው፣ ይህች እኅት እዚህ ምድር ላይ ናት?" አሉት።

"ናት ፓስተር። ገና እየጸለይኩበት ነው።"

ባለፈው መስከረም ወሬ መጣ። የብፅዓት አሠሪዎች በሰኔ ወደ ባንኮክ ሊዛወሩ ነው። የመኖሪያ ካርዷ ከእነሱ ቤት ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ወይ ተከትላቸው ትሄዳለች፣ ወይ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ትገባለች። ሦስተኛ መንገድም ነበረ፤ እሱ ግን ያለው ገረመው አፍ ውስጥ ነው። እንግዲህ ሰው ከሆነ አሁን ይናገራል አይደል? ገረመው ምን ትዝ አለው? ብፅዓት ድሮ ከልጆቹ ጋር ቴሌቪዥን ላይ የባሕር ዝሆን አይታ፣ "ጉድ እኮ ነው፣ እንዲህ ያለውን ፍጥረት ቀርቦ ማየት ነበር" ብላው ነበር። ይህቺን ይዞ፣ ፎቶ ሊያመጣላት አውሬው ወደሚገኝበት አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ በረረ። አንዲት ቃል ፈርቶ ውቅያኖስ ተሻገረ።

ጥር ላይ ደረሰ። የባሕር ዝሆን ማለት ሚኒባስ የሚያህል ሥጋ አሸዋ ላይ ተጋድሞ፣ አፍንጫው ላይ ኩምቢ መሳይ ነገር ተንጠልጥሎበት፣ ሲጮህ ሞተር ብስክሌት የሚመስል አውሬ ነው። ሽታውን ተዉት። ወቅቱ የሚወልዱበትና የሚገናኙበት ነው፤ ዝርዝሩን ለምእመናን ማብራራት አያስፈልግም። ጎብኚ ከአጥር ጀርባ ቆሞ ያያል። አንዲት ባልቴት አስጎብኚ፣ መሀል የተኛው ግዙፉ አውራ መሆኑን፣ በዙሪያው ያሉት ሴቶች በሙሉ የእሱ መሆናቸውን፣ የሚጠጋውን ወንድ ሁሉ በጥርሱ እንደሚቦጫጭቀው ነገሩት።

"ያ ዳር ላይ ብቻውን የተኛውስ?" አለ ገረመው።

"እሱ ተራውን ይጠብቃል።"

"መቼ ይደርሰዋል?"

"አብዛኞቹ ሳይደርሳቸው ይሞታሉ" አሉ ባልቴቷ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው።

ገረመው አውራውን ትቶ ካሜራውን ወደ ዳሩ አዞረ። በየማለዳው መጣ። አውሬው አሸዋ ጀርባው ላይ ይበትናል፣ ይተነፍሳል፣ አንገቱን ወደ ሴቶቹ ቀና ያደርጋል፣ መልሶ ይጥላል። "አይዞህ ወንድሜ" አለው በአማርኛ፣ ከልቡ አዝኖ።

በመጨረሻው ቀን ራበውና ሳንድዊቹን ፈታ። ልክ ያን ጊዜ አውራው ላይ ሌላ ባላንጣ መጣበትና ተያይዘው ወደ ውሃው ወረዱ። ዳር ላይ ያለው ቀና አለ። ብርሃኑም መጥቶ ነበር። ግን ገረመው ሳይባርክ ጎርሶ አያውቅም፤ ይህ ፍጡር ደግሞ የትም አይሄድም ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። ስለ ዳቦው አመሰገነ። ስለ መንገዱ አመሰገነ። እግረ መንገዱንም ያቺን አንዲት እኅት አነሳ። አሜን ብሎ ሲገልጥ ጎብኚው ሁሉ ያጨበጭባል። ዳሩ ባዶ ነው። አውሬው መሀል ገብቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ወደ ባሕሩ ሲንከባለል ጀርባው ብቻ ታየው።

በየካቲት ጄኔቭ ከአምልኮ በኋላ ፎቶዎቹን አሳጥቦ ለብፅዓት ሰጣት። የኦኔን ትራም እየጠበቁ ማረፊያው ላይ ተቀምጣ አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ይህ ዳር ላይ ያለው አንጀቴን በላው" አለች። "መጨረሻው ምን ሆነ?"

"ገባ።"

"ፎቶው የታለ?"

"አላነሳሁትም።"

"ይህን ሁሉ አገር አቋርጠህ? ምን እያደረግክ?"

ገረመው ጫማውን አየ። "እየጸለይኩ ነበር።"

ብፅዓት ልትስቅ ጀምራ ተወችው። ፎቶዎቹን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች።

"እኔ ስለ አንተ ጸልዬ መልስ ካገኘሁ ሦስት ዓመቴ ነው" አለች። "ባንኮክ ስገባ ነው ያንተ መልስ የሚመጣው?"

ትራሙ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘግቶ ሄደ። ማንም አልተሳፈረም። ገረመው እንደ ልማዱ አንገቱን ደፋ፤ ሽፋሽፍቱም መውረድ ጀመረ።

"ገረመው" አለችው ክንዱን ይዛ፤ "ዓይንህን እንዳትጨፍን።"

አልጨፈነም። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ነበረች፣ ፊቷ ላይ ጥላ ወድቋል፤ ለፎቶ ቢሆን ኖሮ ትንሽ ቆዪ ይላት ነበር። ተናገረ።