ባለመሳቄ የተከሰስኩ ጊዜ

ባሌ ሆሳዕና ውስጥ ሰው በማሳቅ የሚስተካከለው አልነበረም። ይህን የምለው ባሌ ስለሆነ አይደለም፤ ባሌ በመሆኑማ ሲያናድደኝ ነው የኖረው። የግብርና ቢሮ ሠራተኛ ነበር። ስብሰባ በማያልቅበት በዚያ ዘመን ቀኑን ሙሉ ሲገመገም ውሎ ማታ ይገባና፣ ሰብሳቢውን እያስመሰለ ራቱን ይበላል። ያገባሁትም ለዚሁ ነው። ለመልኩ እንዳልል፣ መልክ የለውም።

አራተኛውን ልጅ ከወለድኩ በኋላ ነገር ተበላሸ። ልጁ ጥጃ ያክል ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳስነጥስ ሽንቴ ያመልጠኛል፣ ሳስልም ያመልጠኛል። የተሳፈርኩበት ባጃጅ ጉድጓድ ሲዘልማ… ይቅር፣ ገብቷችኋል። ከሁሉ የባሰው ግን ሳቅ ነው። አስተማሪ ስለሆንኩ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ፊቴን አኮሳትሬ ክፍል እገባ ጀመር። ተማሪዎቼ ጨካኝ መሰልኳቸውና መረበሽ ተዉ። በዚህ በኩል እንኳ ተጠቅሜአለሁ።

ቤት ግን እሱ አለ። ወሬ ሲጀምር ተነስቼ ማድቤት እገባለሁ። አልጋ ላይ ሲጀምርም ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። የአማቷን ስም መጥራት ነውር ነው ተብላ ያደገች የከምባታ ልጅ፣ ስለ ሽንቷ ለባሏ በየትኛው አፏ ትናገር?

እሱ ደግሞ የጠላሁት መሰለው። እያደር ከሳ፤ ራቱንም ዝም ብሎ መብላት ጀመረ። ያ ዝምታ አስፈራኝ። ትዳሬ በሽንት ሊፈርስ ነው ብዬ ብቻዬን አለቀስኩ። በመጨረሻ ሽማግሌ ጠራብኝ።

ሦስት ሆነው መጡ። ዋናው ከጊምቢቹ የመጡት አጎቱ ነበሩ።

«ምን አድርጋህ ነው?» አሉት።

«አትስቅልኝም።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጠጥ፣ ዱላ፣ ሌላ ሴት ሲዳኙ የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ እንዲህ ያለ ክስ አልገጠማቸውም።

«ልጄ፣ ለምንድን ነው የማትስቂለት?»

ምን ልበል? «ስለማያስቅ ነዋ» አልኩ። ባሌ በጥፊ የተመታ መሰለ። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ።

አጎትየው ግን ፍርድ ያውቃሉ። «እንግዲያው አንድ ቀልድ ይንገረንና እኛ እንፍረድ» አሉ።

ባሌ ብድግ አለ። ጃጁራ ገበያ ዳር ስለተደረገ ስብሰባ ጀመረ። ሰብሳቢው ስለ ልማት ሲናገር ከኋላ አንዲት ፍየል እየጮኸች ታቋርጠዋለች። እሱ መነጽሩን ከፍ አድርጎ፣ «እጅ አውጥታችሁ!» ይላል። ፍየሏ ደገመች። «ጓድ፣ ሥነ ሥርዓት! ሃሳብሽ ተይዟል!» ባሌ አንዴ ሰብሳቢውን፣ አንዴ ፍየሏን ይሆናል። ፍየሏ ግለ ሂስ ላይ ስትደርስ አጎትየው ሆዳቸውን ይዘው ሶፋው ላይ ተደፉ።

እኔ እግሬን አቆላልፌ ነጠላዬን ነከስኩ። ግን አልቻልኩም።

«ውይ፣ ወጡ አረረ!» ብዬ ሮጥኩ። እሳት ላይ የተጣደ ወጥ አልነበረም።

ባሌ ተከትሎኝ መጣ። ማድቤት ውስጥ ቀሚሴ ርሶ፣ እየሳቅኩም እያለቀስኩም አገኘኝ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኩት። በነጠላዬ ጫፍ እንባዬን ጠረገልኝ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ተመልሶ፣ «ታርቀናል፣ ግቡ በሰላም» አላቸው።

«ምን ሆና ነው?»

«ወጡ አሯል።»

በሳምንቱ ይዞኝ ሐኪም ዘንድ ሄደ። ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ወጣት ዶክተር ሽንት የሚቋጥረውን ጡንቻ የሚያጠነክር ስፖርት አሳየችኝ። ከእኔ ሌላ ብዙ ሴቶች ይህ እንዳለባቸው፣ አንዳቸውም እንደማይናገሩ ነገረችኝ።

ባሌን ግን ስፖርቱ አላረካውም። «ሌላ መድኃኒት የለም?» አላት።

«ውጭ አገር ስቴም ሴል የሚባል እየሞከሩ ነው። ከክንድ ጡንቻ ትንሽ ይወስዱና፣ ሴሎቹን በላቦራቶሪ አባዝተው፣ ሽንት የሚቋጥረው ጡንቻ ላይ በመርፌ ይሰጣሉ። ገና ሙከራ ነው፤ እኛ ጋ የለም።»

ባሌ ኮቱን አውልቆ እጅጌውን ሰበሰበ። «ከእኔ ውሰዱ።»

«አይሆንም ጋሼ፣ ከራሷ መሆን አለበት።»

«እንዴት አይሆንም? ስንጋባ ‹ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ› ተብሎ ተነቦልናል! ወይ ውሸት ነው በሉና ጋብቻውን አፍርሱት፣ ወይ ከዚህ ቁረጡ!» ብሎ ክንዱን አጥፎ ጠረጴዛዋ ላይ ዘረጋው። ጡንቻ ይውጣ ብሎ ፊቱ እስኪቀላ ገፋ። ምንም አልወጣም።

ሳቅኩ። ዓመታት ያጠራቀምኩትን ሁሉ ሳቅኩ። ወንበሩ ራሰ፤ አወቅኩ፤ አልተነሳሁም።

«ሳቀች!» አላት ዶክተሯን፣ እንባው እየወረደ። «አየሽ? ሳቀች!»

ከዚያ ኮቱን አንስቶ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። እኔ ገና ሳቄን አላቆምኩም ነበር።