ጠብቆ ነው ላልቶ?

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ሜላት ለፈተና ስታጠና አጠገቧ ተቀምጬ ጎመን እቀነጥስ ነበር። አሥረኛ ክፍል ናት። ጮክ ብላ ካላነበበች አይገባትም፤ በዚህስ እኔን ትመስላለች። መጽሐፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ የፌዴራል መንግሥቱ ሥልጣን ይህ ነው፣ የክልሎች ሥልጣን ይህ ነው፣ ሕግ አውጪው፣ ሕግ አስፈጻሚው፣ ሕግ ተርጓሚው እያለች እንደ ውሃ ስታወርደው ቆየችና አንድ ቃል ላይ ቀጥ አለች።

«እማማ፣ ይሄ ‹ይሰጣል› የሚለው ጠብቆ ነው ላልቶ?»

ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ደግሞ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። ይህችን ጥያቄ በዚችው በዲላ፣ እኔ እሷን በማክልበት ዕድሜ፣ አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ተሰብስቦ ጠይቆኛል። ያኔ የመለስኩት መልስ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል፤ ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ እስከ ዛሬ ያስደስተኛል።

ዘመኑ የንጉሡ ነው፣ ወደ መጨረሻው ገደማ። መጨረሻው መሆኑን ግን ማናችንም አናውቅም ነበር። አባቴ ከሸዋ መጥቶ ዲላ ላይ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነበር። እኔ ዘጠነኛ «ሀ» ነበርኩ፤ የእጅ ጽሑፌ ያማረ፣ በአማርኛዬ የምኮራ፣ ሰው ሲሳሳት ሳላርም የማላልፍ ጉረኛ። የጌዴኦ፣ የጉጂ፣ የሲዳማ፣ የጉራጌ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠን አማርኛን እያንዳንዳችን በየቤታችን ዜማ ስንናገረው፣ ትክክለኛው የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ዓመት ጋሽ ፍቅሩ የሚባል ወጣት መምህር ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት ተላከልን። ቀጭን ነው፤ ሱሪው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው። አንድ ቀን ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ክብ፣ በውስጡ አራት ትንንሽ ክቦች ሣለና፣ ሥልጣን ሁሉ ከአንድ ቦታ የሚወጣበት አገር እንዳለ፣ ሥልጣን በማዕከሉና በክፍለ ግዛቶቹ መካከል በጽሑፍ የሚከፈልበት አገርም እንዳለ ነገረን። ሁለተኛውን ፌዴራል ብሎ ጠራው። «እስቲ በጨዋታ እንሞክረው» አለ። ትምህርት ቤቱ አገር ይሁን፤ አራቱ ክፍሎች፣ ሁለቱ ዘጠነኛና ሁለቱ አሥረኛ፣ ክፍለ ግዛት ይሁኑ፤ ከየክፍሉ ሁለት ሁለት ሰው ተመርጦ ምክር ቤት ይቁም፤ ዳኞችም ይኑሩ።

ዳይሬክተሩ ፈቀዱ፤ ግን «ፌዴራል» የሚለውን ቃል ወረቀት ላይ እንዳያዩት አስጠነቀቁ። በሰሜን በኩል የነበረው ፌዴሬሽን ከፈረሰ ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለነበሩ ትልልቆቹ ቃሉን ሲሰሙ ግራ ቀኝ ያያሉ። ስለዚህ የደብተሩ ሽፋን ላይ «የተማሪዎች ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩ። እርስ በርሳችን ግን ሕገ መንግሥት ነበር የምንለው።

ያን ጊዜ የነበረንን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት በኋላ ቤት መግባት ጠፋ። ሸንኮራ እየመጠጥን፣ የሙዝ ልጣጭ እየወረወርን ተከራከርን። ደወሉ የማን ነው? የማዕከሉ። አርፍዶ የመጣን የሚቀጣው ማነው? የራሱ ክፍል። ከዳይሬክተሩ ጋር የሚነጋገረው ማነው? ይሄንን «የውጭ ጉዳይ» ብለን ለምክር ቤቱ ሰጠነው፤ ጋሽ ፍቅሩ ይህን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ። የአሥረኛው ሰሎሞን የምክር ቤቱ ሊቀ መንበር ሆኖ ተመረጠ፤ የመረብ ኳስ ቡድናችን አምበልም እሱ ነበር። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። መኝታዬ ላይ እንኳ አንቀጽ አወጣ ነበር።

የመጨረሻው አንቀጽ የተጻፈ ዕለት ሰሎሞን ኳሱን በክንዱ ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ፀሐይዋም እያዘቀዘቀች ነው። እኔም መጫወት አማረኝ። በጥድፊያ እንዲህ ብዬ ዘጋሁት፤ «ምክር ቤቱ ከላይ የተዘረዘሩትን ሥልጣኖች ይይዛል፤ ያልተዘረዘረ ሥልጣን ለክፍሎች ይሰጣል።» ተነበበ፣ ተጨበጨበ፣ ጸደቀ። ኳሳችንን ይዘን ሮጥን።

ካልዘረዘርናቸው ነገሮች አንዱ የጓሮ መሬት ነበር። ከመማሪያ ክፍሎቹ ኋላ ለየክፍሉ አንዳንድ ቁራሽ መሬት ተሰጥቶ ነበር። የእኛ ክፍል ሽንኩርት ዘርቶ ረስቶታል። ዘጠነኛ «ለ» ግን የቡና ችግኝ አፍልተው ነበር። ፍሬውን ከዱመርሶ፣ ከአባቱ ማሳ ያመጣው በራሶ ነው፤ ከሁላችንም በዕድሜ የሚበልጥ፣ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይቶ የሚማር የጌዴኦ ልጅ። በእንጨት ላይ የእንሰት ቅጠል ደርድረው ጥላ ሠርተውለት፣ ጠዋትና ማታ በጣሳ እያጠጡ፣ ችግኙ ሁለት ሁለት ጥንድ ቅጠል አውጥቶ ነበር። ዝናቡ ሲገባ እያንዳንዱ ተማሪ ድርሻውን ወደ ቤቱ ሊወስድ ተስማምተዋል።

በየካቲት፣ ግቢው ቀይ አቧራ ብቻ በሆነበት ወቅት፣ የይርጋለም ተማሪዎች መረብ ኳስ ሊገጥሙን እንደሚመጡ ተሰማ። ደህና ሜዳ አልነበረንም። ግቢው ውስጥ ደልዳላው መሬት ደግሞ የዘጠነኛ «ለ» መደብ ነው። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ መደቡ ተነሥቶ ሜዳ ይሁን ብሎ ወሰነ። እኔም እጄን አወጣሁ፤ ያውም ቀድሜ።

በራሶ ሲሰማ ምክር ቤቱ ድረስ መጣ። አልጮኸም።

«በዚህ ፀሐይ ከተነቀለ ይሞታል» አለ። «ዝናብ ድረስ ብቻ ጠብቁን።»

«ጨዋታው ዝናብ አይጠብቅም» አለ ሰሎሞን።

«እሺ፣ መሬቱ በደብተሩ ላይ የእናንተ ተብሎ አልተጻፈም። ያልተጻፈው ለክፍሎች ይሰጣል ይላል።» ‹ይሰጣል›ን አጥብቆ ነው ያነበበው።

ሰሎሞን ደብተሩን ከእጄ ወስዶ አየው። ፈገግ አለ። «ላልቶ ነው እንጂ! አረፍተ ነገሩ የሚጀምረው ምክር ቤቱ ብሎ ነው። ምክር ቤቱ ይሰጣል። ሲፈልግ ይሰጣል፣ ሳይፈልግ ይነሳል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ላልቶ ከተነበበ ሰጪ አለ፤ የሰጠውንም መልሶ መውሰድ ይችላል። ጠብቆ ከተነበበ ሥልጣኑ አንዴ ለክፍሎቹ ሆኗል፣ ምክር ቤቱ አይነካውም። ፊደላችን ደግሞ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ነው የሚጽፋቸው። የችግኙ ሞትና ሕይወት እኔ ለጨዋታ ስሮጥ በጻፍኳት አንዲት ቃል ላይ ተንጠለጠለ።

ጉዳዩ ለዳኞቹ ቀረበ። የዳኞቹ ሰብሳቢ ዙበይዳ ነበረች፤ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ የሱቃችን ጎረቤት የሐጂ ልጅ፣ ሳቅ የማታውቅ። ትልቁ ክፍል ጢም ብሎ ሞላ፤ በመስኮት የተንጠለጠለም ነበር። ጋሽ ፍቅሩ ጥግ ቆመ። ዳይሬክተሩ ከኋላ፣ ከግርማዊነታቸው ፎቶግራፍ ሥር ወንበር አስመጥተው ተቀመጡ። ልቤ ይመታል፤ በፍርሃት አይደለም፣ እውነቱን ለመናገር በደስታ ነው። ሰው ሁሉ የእኔን ጽሑፍ ሊሰማ ተሰብስቧል!

ዙበይዳ ጠራችኝ። «የውብዳር፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ጠብቆ ነው ላልቶ?»

እውነተኛው መልስ «አላሰብኩበትም» የሚል ነበር። ግን ጸሐፊዋ፣ አማርኛ አዋቂዋ፣ እንዴት አላሰብኩበትም እላለሁ? ሰሎሞን ከፊት ተቀምጦ ያየኛል። መረቡም ሜዳውም በዓይኔ ላይ ነው።

«ላልቶ ነው» አልኩ። ይሄ ሳይበቃኝ ጨመርኩበት። «በራሶ ያጠበቀው አማርኛ ስለማይችል ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ የበራሶን አነጋገር አስመስሎ ተናገረ፤ ሳቁ እንደገና ተነሣ። እኔም ሳቅሁ። በራሶ ግን ቆሞ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። እጆቹን አየኋቸው። ከጠዋቱ ውሃ ማጠጣት ጭቃ ጥፍሮቹ ውስጥ ደርቋል። ሳቄ አፌ ላይ ቀረ።

«አማርኛ ልክ ነው፣ አልችልም» አለ። «ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። እኛ አገር ሽማግሌ ሶንጎ ይቀመጣል፣ ከዛፍ ሥር። የመንደሩን ነገር መንደሩ ሶንጎ ይጨርሳል። ያልቻለውን ወደ ላይኛው ሶንጎ ይወስዳል። የላይኛው ለታችኛው ሰጠሁህ አይልም። ታችኛው ነው የወሰደለት።» ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ጽፈሃል፣ ይሰጣል ብለህ። ምክር ቤት ሳይኖር ዘጠነኛ ‹ለ› ነበር። መደቡም ነበር። ታዲያ ማን ነው የሰጠን?»

ማንም አልሳቀም። የታሪክ መጽሐፋችን ላይ ስለ አገሪቱ ሕገ መንግሥት የተማርነውን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ግርማዊነታቸው በመልካም ፈቃዳቸው ለሕዝባቸው የሰጡት ነው የሚለውን። «ማን ነው የሰጠን?» የሚለው ጥያቄ እዚያም ድረስ ይደርስ ነበር። ጋሽ ፍቅሩ የያዘው ጠመኔ እጁ ውስጥ ተሰበረ። የዳይሬክተሩ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ።

«የምትነጋገሩት ስለ ችግኝ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ ቀስ ብለው። «ስለ ችግኝ ብቻ።»

«አዎ ጌታዬ» አለ በራሶ። «ስለ ችግኝ ነው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሳይጠሩኝ ተነሣሁ። «ዙበይዳ፣ ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ስጽፈው አላሰብኩበትም። ኳስ ለመጫወት ቸኩዬ ነበር። ጠብቆ ይሁን ላልቶ እኔም አላውቅም። በራሶ ደግሞ ያነበበው ልክ ነው፤ አማርኛ ስላልቻለ አይደለም።»

ሰሎሞን በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። ዙበይዳ ከሁለቱ ዳኞች ጋር ተንሾካሾከችና ፍርዷን ሰጠች። ጸሐፊዋ ራሷ የማታውቀውን ቃል ዳኛ ሊያውቅላት አይችልም፤ ቃሉን የሚያቃኑት አራቱ ክፍሎች ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ መደቡን ዶማ አይነካውም። ይህን ስትል፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ፈገግ አለች። ጩኸቱ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። የተሸነፉት ሳይቀሩ ያጨበጭቡ ነበር፤ ጨዋታ ነው ያልነው ነገር በእውነት ሲሠራ ዓይናችን አይቷላ።

ያን ዕለት ከሰዓት አዲሱን አንቀጽ ጻፍኩ። ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ! ቃሉን አጠብቀዋለሁ፣ አላላዋለሁ፣ እንደገና እሰርዛለሁ። በመጨረሻ ደብተሩን ይዤ ወደ መደቡ ሄድኩ። በራሶ ጣሳውን ይዞ ተንበርክኳል። ያነበብኩለት ሦስት ቃል ነበር፤ «ያልሰጠነው የእኛ ነው።»

ደጋግሞ በከንፈሩ አለው። «ይሄስ?» አለ። «ይሄ ይላላል ይጠብቃል?»

«እንደፈለግህ አንብበው፣ ትርጉሙ አይለወጥም» አልኩት። ከዚያ እግር እግሬን እያየሁ «ስለ ጠዋቱ ይቅርታ» አልኩት።

ሳቀ። «አማርኛሽ ጎበዝ ነው። ጆሮህ ብቻ ትንሽ ይላላል።» በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ምሳውን ፈትቶ ግማሹን ቆጮ ሰጠኝ። አፈር በነካው እጄ በላሁት። ከዚያ በፊት በቤታችን «የእነሱ ምግብ» ሲባል ነበር የምሰማው።

በማግስቱ አራቱ ክፍሎች ሜዳ ላይ ተሰልፈው ድምፅ ሰጡ። ሦስቱ ደገፉ፤ የሰሎሞን ክፍል ብቻ ተቃወመ፣ እሱም ወዲያው መጥቶ የበራሶን እጅ ጨበጠ። የይርጋለሞቹን መንገድ ዳር ባለው ተዳፋት ላይ ገጠምናቸው። ኳሱ ባመለጠን ቁጥር ቁልቁል እስከ ጭነት መኪኖቹ ድረስ እንሮጣለን። ተሸነፍን፤ ግን እንደዚያ የሳቅሁበት ጨዋታ የለም። ዳይሬክተሩ ደብተሩ ላይ ሲፈርሙ የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ጊዜ አዩዋት። «ጥሩ አማርኛ ነው» አሉኝ። «ከዚህ ግቢ ግን እንዳይወጣ።» ዝናቡ ሲገባ የዘጠነኛ «ለ» ልጆች ችግኛቸውን በቅጠል ጠቅልለው በየአቅጣጫው ተበተኑ፤ ወደ ይርጋ ጨፌ፣ ወደ ገደብ፣ ወደ ቡሌ።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አማርኛ አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለ ማጥበቅና ማላላት ባስተማርኩ ቁጥር የምጀምረው በዚያች ቃል ነበር። ተማሪ ሲያጠብቅ ወይም ሲያላላ ግን አንድም ቀን አስቄበት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሲለዋወጥ፣ ሕገ መንግሥትም ሲለዋወጥ አይቻለሁ። በየጊዜው ለሕዝብ ይህ ተሰጠ፣ ያ ተሰጠ ሲባል በሬዲዮ እሰማለሁ፤ የበራሶ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ከዜናው ቀድሞ ጆሮዬ ውስጥ ይደውላል።

ይህን ሁሉ ለሜላት ስነግራት ጎመኑ ሳይቀነጠስ ቀረ። ስጨርስ መጽሐፏን ወደ እኔ አስጠጋች።

«እሺ እማማ፣ ታዲያ ይሄኛውን እንዴት ላንብበው?»

መነጽሬን አድርጌ አየሁት። እሷ ግን መልሴን አልጠበቀችም። እርሳሷን አነሣች፣ ከቃሉ በላይ በትንሹ «ማን?» ብላ ጻፈችና ማንበቧን ቀጠለች።