ለናንቴዛ የተሰፋው ነጭ ጋዋን

የዚያን እሑድ ጠዋት ዝናቡ ከሐይቁ በኩል መጣ። እኔና ወንድሜ ሳሎንጎ በአንድ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ሸራ ተከናንበን ናንቴዛ ወደምትማርበት አዳሪ ትምህርት ቤት እየሄድን ነበር። የወላጆች መጎብኛ ቀን ነው። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለው ማቶኬ፣ የተፈጨ የበሰለ ሙዝ፣ ጉልበቴን ያሞቀኛል። ሳሎንጎ ግን ነጭ ጋዋን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፏል፤ ጠብታ እንዳይነካው ጀርባውን ለዝናቡ ሰጥቷል።

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው። መንታ ከወለደ ወዲህ ሁሉም ሳሎንጎ እያለ ስለሚጠራው ስሙን የሚያስታውስ የለም። ናንቴዛ የመንታዎቹ ታላቅ ናት። በልጅነቷ የተሰበረ የዶሮ እግር በእራፊ ጨርቅ ስታስር ታይታ “ዶክተር” ተባለች። ስሙ ከአባቷ ሱቅ ወጥቶ መንገድ ዳር ሙዝ ለምንጠብሰው ሴቶች፣ ከእኛም ለአውቶቡስ ሾፌሮች ደረሰ። ከተማችን ሉካያ ላይ የሚቆም ሾፌር ሁሉ “ዶክተር ደኅና ናት?” ይለኝ ነበር። አባቷ ይህን ሲሰማ የስፌት መኪናውን አቁሞ ፈገግ ይላል።

ወደ ሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ሁለት ዓመታት ስታልፍ ሦስት የትምህርት ዓይነት መምረጥ ነበረባት። ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለው በእነዚያ በሦስቱ ነው፤ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ያልያዘ ሰው ሐኪም አይሆንም። በቤታችን ስለ ምርጫው ያነሳ ሰው አልነበረም። ከዶሮዋ እግር ጀምሮ የተመረጠ ነበር የመሰለን።

በመጀመሪያው ዕረፍት ስትመጣ አባቷ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ትከሻዋንና ክንዷን ለካ። የሳይንስ ተማሪዎች ጋዋን እንደሚለብሱ ከደንበኛ ሰምቶ ነው። እኔም እዚያው ተቀምጬ ነበር። ልጅቷ ክንዷን ዘርግታ ሳትንቀሳቀስ ቆመች። ዝምታዋን ጨዋነት ነው ብዬ ወሰድኩት።

ትምህርት ቤቱ ስንደርስ ሾፌሩ ዋናው በር ጭቃ ነው ብሎ በወጥ ቤቱ በኩል አወረደን። ናንቴዛ ዋናው በር ላይ ዝናብ ውስጥ ቆማ እየጠበቀችን እንደነበር የሰማነው ኋላ ነው። አባቷን ማንንም ሳያነጋግር ልትይዘው አስባ ነበር።

ሌላ ጊዜ መምህራኑ በየማንጎው ዛፍ ሥር ተበታትነው ነው ወላጅ የሚያነጋግሩት። የዚያን ቀን ግን ዝናቡ ሁሉንም መመገቢያ አዳራሽ አስገብቷቸዋል። በአንዱ ሰልፍ የሚባለው በሌላው ይሰማል። ሳሎንጎ ጋዋኑን ከፌስታሉ አውጥቶ ክንዱ ላይ አነጠፈና የባዮሎጂ መምህሯ ጋ ተሰለፈ። ከፊታችን ጎሜሲ የሚባለውን ረጅም ቀሚስ የለበሰች ወፍራም ሴት ነበረች።

“የዶክተሯ አባት፣ ስንታመም እንዳትረሱን” አለችው ጋዋኑን እየነካካች።

“አንቺ ብቻ በጊዜ ታመሚ። ስሟ ከገነነ በኋላ ወረፋው ከዚህም ይረዝማል” አላት።

ሰልፉ ሳቀ። እሱም ሳቀ። ወንድሜን እንደዚያ ሲስቅ ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት ያኔ ነው።

ተራችን ሲደርስ የናንቴዛን ስም ነገራት። መምህሯ ወጣት ናት፤ አንዴ እሱን አንዴ ጋዋኑን አየችና ምናልባት ተሳስተው ይሆናል አለችው። እሱ አልተሳሳትኩም አለ። እሷም የማስተምራቸው ጥቂት ናቸው፣ ሁሉንም በመልካቸው አውቃቸዋለሁ፣ በዚህ ስም የለችም አለችው። ያኔ ጋዋኑን ዘረጋና ደረቱ ላይ በሰማያዊ ክር የጠለፈውን ስም በጣቱ ያሳያት ጀመር፤ ስሟ ከተጻፈ ልጅቷም የምትገኝ ይመስል። ከኋላችን ሰው አጉረመረመ። አንዲት ተማሪ ከሌላ ሰልፍ ውስጥ ሆና፣ ክፋት ሳይኖርባት፣ ናንቴዛ የታሪክ ክፍል እኮ ናት አለች። ወፍራሟ ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

ናንቴዛ የገባችው በዚህ መሀል ነው፣ ከላይ እስከ ታች ርሳ። በሥርዓታችን አባቷ ፊት ተንበረከከች፤ ከቀሚሷ የሚወርደው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ተጠራቀመ። ሰላምታውን አልጨረሰችም።

“አባባ፣ ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስና ጂኦግራፊ ነው የመረጥኩት። ኬሚስትሪውን ሁለት ሳምንት ሞከርኩት፤ አልሆነልኝም። በእሱ ብቀጥል የትኛውም ዩኒቨርሲቲ አይቀበለኝም ነበር።”

ጋዋኑን ቀስ ብሎ አጠፈ። ልብስ ሰፊ ስለሆነ አስተጣጠፉ ያምራል።

“ክንድሽን ስለካ ቆመሽ ነበር” አላት።

ከዚያ ወደ ፒክአፑ ወጣ።

ማቶኬውን አዳራሹ ጥግ ላይ ፈታሁት፤ አንዳችንም አልበላንም። በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ ለአባቷ የማትነግረውን ለአባቷ እህት፣ ለሴንጋዋ ትነግራለች። ለምን እንደደበቀችኝ ጠየቅኳት። የማቶኬውን ቅጠል እየቀደደች መለሰችልኝ።

“ሴንጋ፣ አንቺ ከአምስተኛ ክፍል ነው ያቆምሽው። ነገሩ አይገባሽም ብዬ ነው።”

እውነቷን ነው። ፊቴ ሲግል ታወቀኝ፤ አልተቆጣኋትም። ተነስቼ የታሪክ መምህሩ ጋ ተሰለፍኩ። መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው፤ ምን እንደሚጠይቅ እንዳላወቀ ሰው ፊታቸው ቆምኩ። በያዘችው ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ትገባ እንደሆነ ብቻ ጠየቅኳቸው። ከተጋች ትገባለች፣ ለመምህርነትም ለሕግም ይሆናታል፣ በጂኦግራፊ ከክፍሉ የሚቀድማት የለም አሉኝ። ከዚያ አባቷ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ዝናቡ እስኪያባራ እየጠበቀ ነው አልኩ። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል፤ ፀሐዩ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር።

ስንመለስ ሉካያ መዳረሻ ደርሰን ነበር። ሳሎንጎ ልጅቷን ከትምህርት ቤት እንደሚያስወጣት፣ ትርፍ የስፌት መኪና ስላለው አጠገቡ ቁጭ ብላ ቁልፍ እንደምትተክል ነገረኝ። ዋሽታ በሕዝብ ፊት ያዋረደችኝን ልጅ አላስተምርም አለ። ከወንድሜ ጋር ተከራክሬ አላውቅም።

“እኔንም አባታችን አስወጥቶኛል። ይኸው ሙዝ እጠብሳለሁ። ለኔ ስትል በቤታችን ሁለተኛ አይደረግ” አልኩት።

ፊቱን መንገድ ዳር ወዳለው ረግረግ አዞረ። ከቀጣዩ ዕረፍት በኋላ ትምህርት ሲከፈት ግን ሻንጣዋን ራሱ ተሸክሞ አውቶቡስ መቆሚያ ድረስ አመጣው፤ አውቶቡሱ ላይ አላወጣትም፣ አልመረቃትም፣ ሻንጣውን አስቀምጦ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ በመጎብኛ ቀን የምሄደው እኔ ብቻ ሆንኩ።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ሉካያ ገብቶ ነበር። ናንቴዛ ለዕረፍት ስትመጣ አጠገቤ ዶሮ የምትጠብሰው ናምዋንጄ፣ “ዶክተር፣ ራሴን አሞኛል፤ የትኛውን ንጉሥ ልዋጥ?” ትላታለች። ሴቶቹ ይስቃሉ። ናንቴዛ ጎንበስ ብላ ፍሜን ታራግባለች። ሾፌሮቹም ስሙን አልተውትም፤ ለእነሱ ለጥሪ ይመቻል።

ጋዋኑ ሱቁ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተሰቅሎ ቆየ። በመጨረሻ የሌላ ልጅ እናት መጥታ ለሳይንስ ለተመደበች ልጇ ገዛችው። ሳሎንጎ ሰማያዊውን ክር በምላጭ አንድ በአንድ ፈታ። የመርፌው ቀዳዳ ግን በነጩ ላይ ቀርቶ ነበር፤ ፊደሉን በሚያውቅ ዓይን አሁንም ይነበባል። ሴትዮዋ ሲታጠብ ይጠፋል ብላ ወሰደችው።

ዩኒቨርሲቲ መግባቷን በነገርኩት ቀን እጀታ እየገጠመ ነበር። ምን ልታጠና እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጥሩ ነው አለና ሥራውን ቀጠለ።

ናንቴዛ አሁን ካሊሲዞ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ታስተምራለች። በመጎብኛ ቀን ጠረጴዛዋን ዛፍ ሥር አውጥታ ወላጅ ታነጋግራለች። አባቷ ትምህርት ቤቷን ገና አላየውም።